ዘሀራ አልሰፋም ያለች ቅዳሜ

ቅዳሜ ላሌንቾ ገበያ የሚገባ ሰው ከሩቅ የሚሰማው ማስነጠስ ነው። ላሌንቾ ከቦኖሻ ወዲያ በኮረኮንች መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በሙሉ በርበሬ ያበቅላል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ዛላው በየሜዳው ይሰጣና መሬቱ ቀይ ይሆናል። በ1989 ዓ.ም. የቀበሌው ጸሐፊ ሆኜ ከሆሳዕና ስመጣ የመጀመሪያውን የገበያ ቀን ያሳለፍኩት እንባዬን እየጠረግሁ ነበር። አንዲት ረጅም ሴት፣ ትልቅ የጆንያ መርፌ ሻሿ ላይ ሰክታ፣ አጠገቤ ቆም ብላ አየችኝና በአፍንጫዬ ሳይሆን በአፌ እንድተነፍስ መከረችኝ። ዘሀራን ያወቅኋት ያን ቀን ነው።

ዘሀራ ኑሪዬ ጆንያ ሰፊ ነበረች። ሥራው ከእሷ በፊት የወንዶች ነበር። ባሏ ሳዲቅ የጫኞች አለቃ ሆኖ ሲሠራ ኖሮ በደርግ መጨረሻ ዓመታት በወባ ሞተ፤ ሦስት ሴት ልጆች ትቶላት። ዘመዶቿ ወደ አባቷ ቤት ተመለሺ ሲሏት እሷ የባሏን መርፌ ይዛ ገበያ ወጣች። ጫኞቹ ሳቁባት። አንዱማ፣ ጆንያ እንደ ነጠላ ጥለት የሚሰፋ መሰላት ብሎ ተሳለቀባት አሉ። የሰፋችው ጆንያ ግን ከመኪና ላይ ቢወረወር አይፈታም። አፉን ሁለት ጊዜ ታጥፈዋለች፣ በአጭር በአጭሩ ትወጋዋለች፣ ጥግና ጥጉን ጠምዝዛ ተሸካሚ የሚይዘው ጆሮ ታወጣለታለች። ያ ጆሮ ኩንታል ሙሉ ዛላ አንጠልጥሎ አይቀደድም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነጋዴው ሁሉ “ዘሀራ ትስፋው” ይል ጀመር፤ ያ ያሾፈባት ጫኝም የራሱን እህል ይዞላት መጣ።

ስለ ሥራዋ ስትናገር አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር። አዲስ አበባ አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም፤ “ስፌቴ ግን ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ ይሄዳል” ትላለች።

አሁን ስለ ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። አሳምነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ገበሬ ነው፤ ቃሉን የሚያከብር፣ ቁጣው ግን የሚፈጥን፣ የገዢው ፓርቲ አባል። ሆሴዕ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን መምህር ነበር፤ ከአሳምነው በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ በአካባቢያችን የተቃዋሚው ፓርቲ አስተባባሪ እሱ ነው። የሆሴዕ ሚስት ገነቴ ደግሞ የአሳምነው ታናሽ እህት ናት። አማቾቹ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር። የአሳምነው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሆሴዕ ቀጭኑን ይይዝለታል።

በግንቦት 1992ቱ ምርጫ ይህ ሁሉ ፈረሰ። በእኛ ምርጫ ጣቢያ ተቃዋሚው አሸነፈ። ከዚያ በፊት የነበሩት የስብሰባ ቃላት፣ በኋላም የቆጠራው ሰሞን የተባለው፣ ሁሉም በየሰው ሆድ ቀረ። እድሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሲሞትበት ሌላው ወገን ድንኳን አላበደረም። አሳምነው ከላይ ስለተቆጡት ይሁን ስለተናደደ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ነሐሴ ላይ ጠርቶኝ ደብዳቤ አስጻፈኝ። ገበያው ከጅረቱ ማዶ፣ ከነሆሴዕ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት እንዲዛወር የሚል ነበር። ጻፍኩት፤ ማኅተም መታበት።

የማዶዎቹ አንዛወርም አሉ። እንዲህ ሆነና ላሌንቾ ሁለት ገበያ ያላት ከተማ ሆነች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገዢውን የደገፈ በላይ ገበያ ይሸጣል፣ ተቃዋሚውን የደገፈ በታች ገበያ። መሐሉ አንድ ጅረት ነው። ሰው ጨው ሊገዛ እንኳ ጅረቱን አይሻገርም ነበር፤ ከተሻገረ በሁለቱም በኩል ስሙ ይነሣል።

ጅረቱን የምትሻገረው ዘሀራ ብቻ ነበረች። ጠዋት በላይ ገበያ ትሰፋለች፣ ከሰዓት በታች ገበያ። ከሁለቱም ወገን ሰዎች እየመጡ አንዱን እንድትመርጥ ጎተጎቷት። የሷ መልስ አጭር ነበር፤ እኔ የምሰፋው ጆንያ ነው፣ ባለቤቱ ማንን እንደመረጠ አልጠይቅም አለች። ድምጿን ለማን እንደሰጠችም ልጆቿ እንኳ አያውቁም ነበር።

አንድ የበርበሬ ወቅት እንዲህ ሄደና ሁለተኛው ገባ። በአንደኛው ዓመት ከአዲስ አበባ የሚመጡት አይሱዙዎች በግማሽ ቀነሱ። መኪናው ከላይ ገበያ ግማሽ ይጭናል፤ ቀሪውን ለመሙላት ራቅ ባለው ድልድይ ዞሮ ታች ገበያ ሲደርስ ይመሻል። ሾፌር ደግሞ የማይሞላ ጭነት አይወድም። ሁለተኛው ዓመት ባሰ። ጊዜው በአገሩ ሁሉ ክፉ ነበር። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፤ የቡና ዋጋ ወድቋል፤ በቆሎ በዝቶ ገዢ አጥቶ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን በምን እንደሚከፍል ግራ ገብቶት ነበር። ለእኛ የቀረን በርበሬ ነው። የቀረንን ደግሞ እኛው እናበላሸው ጀመር። ዛላ በጣም ከደረቀ ይሰባበራል፣ ሚዛንም አይደፋም፤ ስለዚህ ሰው ውሃ ይረጨዋል። ድሮ የገበያው ሽማግሌዎች ይህን አይተው ያሳፍሩ ነበር። አሁን ግን በየገበያው የሚቆጣጠር ጠፋ፤ የራስን ወገን መቆጣጠር ለሌላው መሣሪያ ማቀበል መሰለ።

በታኅሣሥ 1994 አንድ ማክሰኞ የአይሱዙ ሾፌራችን ያሲን ባዶ መኪና ይዞ መጣ። ባዶ ስል፣ ከኋላው አሥራ አንድ ጆንያ ብቻ ጭኖ ነበር። ከላሌንቾ የሄደ በርበሬ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ጆንያዎቹን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት አወረዳቸውና አንዱን በቢላዋ ተረተረው። ከላይ ያለው ዛላ እንደ ጌጥ ያምራል፤ ከታች ያለው ነጭ ሻጋታ ለብሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የአዲስ አበባው የበርበሬ ገዢ አቶ ተክለጊዮርጊስ ከእንግዲህ ወደ ላሌንቾ መኪና አልልክም ማለታቸውን ነገረን።

ሰው ተሰበሰበ። አሳምነው ወጥቶ አየና ይህ የታች ገበያ ሥራ ነው አለ። ሆሴዕ ሰምቶ ከትምህርት ቤት መጣ፤ የእኛ ሰዎች እንዲህ አያደርጉም፣ ይህ ከላይ ገበያ የሄደ ነው አለ። ድምፅ መነሣት ጀመረ። ዘሀራ ይህን ጊዜ መሬት ላይ ተንበርክካ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትለያቸው ነበር። ስትጨርስ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

“እነዚህ ስድስቱ በናይለን የተሰፉ ናቸው” አለች። “ናይለን የሚሸጠው ላይ ገበያ ነው። አምስቱ በእንሰት ቃጫ ነው፤ እሱን የማገኘው ታች ገበያ ነው። አሥራ አንዱንም የሰፋኋቸው እኔ ነኝ።”

የመጨረሻውን ነገር ስትናገር ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላሳፈራት እጇ ሻጋታ ዘግቶ እንደላከ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ መጣ። ዘሀራ እንደ ልማዷ ላይ ገበያ ወጣች፤ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠችበትና እጇን አጣጠፈች። ሰው ጆንያውን ይዞ ተሰለፈ። አልሰፋም አለች። ታማ መስሏቸው ጠየቋት፤ ጤነኛ ነኝ አለች። ከሰዓት ታች ገበያ ወርዳ እንደዚያው አደረገች። አሳምነውን አስጠራችው፤ ሆሴዕንም እንዲሁ። ለሁለቱም በየተራ የነገረቻቸው አንድ ነገር ነው።

“ሁለታችሁም ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ሄዳችሁ ገዢው የሚለውን በጆሯችሁ ስሙ። ስትሰሙ እሰፋለሁ። እስከዚያ መርፌዬ ከሻሼ ላይ አይወርድም።”

አሳምነው አሻፈረኝ አለ። ከተቃዋሚ ጋር አንድ መኪና ላይ ታየ ከተባለ በሚቀጥለው ግምገማ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ሆሴዕም ፈራ፤ ተሸጠ ይሉኛል አለ። ሁለቱም በየበኩላቸው ሌላ ሰፊ ፈለጉ። ላይ ገበያ ላይ አንድ ጫኝ እሰፋለሁ ብሎ ጀመረ። የሰፋው ሦስተኛ ጆንያ ትከሻ ላይ ሳለ አፉ ተፈትቶ በርበሬው በተሸካሚው ራስና አንገት ላይ ወረደ። ሰውየውን ወተት አጠጥተን፣ ፊቱን በቅቤ አሽተን አዳንነው። ከዚያ በኋላ የሚደፍር አልተገኘም።

በቀጣዩም ቅዳሜ አልሰፋችም። እኔ እንኳ ቤቷ ሄጄ፣ እትዬ ዘሀራ፣ ልጆችሽን ምን ታበያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ጓሮዬ እንሰት አለ፣ ቆጮ አናጣም አለችኝ። ልጇ ኢክራም ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከጎኗ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እናቷን ቀና ብላ አየቻትና ጽሑፏን ቀጠለች። ያ ቤት የተጨነቀ ቤት አይመስልም ነበር።

ነገሩን የፈታችው ገነቴ ናት። ወንድሟን ካነጋገረች ዓመት ተኩል አልፏታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጅረቱን ተሻግራ አሳምነው ደጅ ቆመች። ግቢ ሲላት አልገባችም።

“ወንድሜ፣ ከባሌ ጋር ታረቅ አላልኩህም” አለችው። “አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥ ነው የምልህ። እናንተ ካልሄዳችሁ ዘንድሮ የእኔም ልጆች፣ ያንተም ልጆች የሚለብሱት የለም።”

ይህን ብላ ተመለሰች። ማታውን ሆሴዕን ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ሰኞ ጠዋት ሁለቱም በያሲን መኪና አጠገብ ቆመው ነበር። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

ጉዞውን ያወራኝ ያሲን ነው፤ በሳቀ ቁጥር መሪውን እየመታ። ጋቢናው ለሦስት ነው፣ አራት ሆኑ። ዘሀራ መሐል ገባች። ሆሳዕና እስኪደርሱ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አሳምነው በዘሀራ በኩል፣ ለመምህሩ ንገሪው መስኮቱን ይዝጋው፣ አቧራ ነው አለ። ሆሴዕ ደግሞ፣ ለሊቀመንበሩ ይንገሩልኝ፣ ከተዘጋ ይሞቀናል አለ። ዘሀራ እስከ ወራቤ ድረስ እንዲህ መልእክት ስታመላልስ ቆየች። ወራቤ ሲደርሱ፣ ሰለቸኝ፣ እንግዲህ እንቅልፌን ልተኛ ነው፣ የሚፈልግ በራሱ አፍ ይናገር ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ከቡታጅራ ወዲህ አሳምነው በቀጥታ፣ ውሃ ይዘሃል ወይ ብሎ ሆሴዕን ጠየቀው። ሆሴዕ ይዞ ነበር። በሷ ጭን ላይ አሳልፎ ሰጠው። ያሲን ይምላል፣ ዘሀራ አልተኛችም ነበር።

የአቶ ተክለጊዮርጊስ መጋዘን እህል በረንዳ አካባቢ ነበር። ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እጃቸው ሥራ አይፈታም። እንግዶቹን በርጩማ ላይ አስቀመጡና ከየቦታው የመጣ ዛላ እፍኝ እፍኝ እያመጡ ፊታቸው ዘረገፉ። መጨረሻ ላይ የላሌንቾን አመጡ። ሳይነግሯቸው ሦስቱም አወቁት፤ ቀለሙ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህን በርበሬ ጆንያውን ሳልከፍት ነበር የምገዛው አሏቸው። አሁን ደንበኛ ላሌንቾ የሚል ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱ ሰዎች ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ሸሪኮች መስለዋቸዋል። ቀና ብለው አዩዋቸውና “አገሩ በሙሉ ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ እናንተ ገዢ ያለው ነገር ይዛችኋል” አሉ። “ገበሬያችሁን አልወቅስም። ገበያችሁ ግን አለቃ የለውም። ለመሆኑ አለቃው ማነው?”

አሳምነው መሬት መሬት አየ። ዘሀራ ሁለቱን በእጇ አመለከተች።

“እነዚህ ሁለቱ ናቸው” አለች።

ሰውየው ገረማቸው። ለአንድ ገበያ ሁለት አለቃ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ዘሀራም፣ እሱን ተነጋግረን ልንነግርዎት ነው የመጣነው አለች። አቶ ተክለጊዮርጊስ እንግዲያው ቃላቸውን ሰጡ። አንድ ቦታ፣ እስከ እኩለ ቀን፣ ሙሉ ጭነት፣ ደረቅ በርበሬ ካገኙ መኪና ይልካሉ። አንዴ ይሞክራሉ። አንድ ጆንያ ከሻገተ ግን ላሌንቾን ከናካቴው ይረሷታል።

ከመጋዘኑ ሲወጡ የተናገረው ሆሴዕ ነው። የገበያው ጫጫታ መሐል ቆሞ፣ አባቱ ዛላ ላይ ውሃ እንደሚረጩ ካወቀ መቆየቱን፣ ወገኔን እንዳላሳጣ ብሎ ዝም ማለቱን ለአሳምነው ነገረው። አሳምነው ትከሻውን ያዘውና፣ የእኔ ቤት ግን ይህን አያደርግም አለ። ሆሴዕ አልተከራከረውም።

በመልሱ ጉዞ ጋቢናው ውስጥ ወሬ አልቆመም ነበር። ተጨቃጨቁ፣ ተቆጡ፣ ያሲን ሁለት ጊዜ መኪናውን አቁሞ ውረዱ አላቸው። ሆሴዕ ደብተር አውጥቶ ዘሀራ ጉልበት ላይ እየጻፈ ሆሳዕና ሲደርሱ አንድ ገጽ ሞላ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ገበያው አንድ ይሆናል። መኪና በቀላሉ የሚገባው ላይ ገበያ ስለሆነ የነሆሴዕ ወገን ቦታውን ይለቃል። በምትኩ ገበያውን የሚመራው ቀበሌው ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው የተመረጠበት ኮሚቴ ይሆናል፤ አሳምነውም ሰብሳቢ አይሆንም። በገበያው ሜዳ የማንም ፓርቲ ወረቀት አይለጠፍም፣ ስብሰባ አይደረግም። ጆንያ ሁሉ ከመሰፋቱ በፊት ዘሀራ እስከ ታች ትፈትሸዋለች፤ የሷ ቃል የመጨረሻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያስጨመረችው ራሷ ናት። ሁለቱም ምን ያህል እንደሚከብድ የገባቸው በኋላ ነው።

ገጹን አምጥተው ሰጡኝ። ገበያውን የከፈለውን ደብዳቤ በጻፍኩበት የጽሕፈት መኪና ይህንንም ጻፍኩት፤ ሳላጠፋ፣ ሳልሰርዝ፣ በአንድ ቁጭታ።

የመጀመሪያው የጋራ ቅዳሜ ሰዉ ቢመጣም በሜዳው ላይ በሁለት ጎራ ቆመ። መሐሉ መኪና የሚያልፍበት ያህል ባዶ ነበር። ዘሀራ ባዶው ቦታ ላይ ጆንያዋን አንጥፋ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን አምጡ አለች። አሳምነው ለሰው አርአያ ልሁን ብሎ የራሱን አቀረበ። ከቤት ተጭኖ የመጣ ነበር። ዘሀራ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ከታች አንድ እፍኝ አወጣችና ዘርግታ አሳየችው። ዛላው ለስላሳ ነበር፤ ሲጫኑት አይሰበርም፣ ይታጠፋል።

እኔ ከኮሚቴው ወንበር አጠገብ ነበርኩ፤ የአሳምነው ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ሚስቱ ናት የረጨችው፤ እሱ አያውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ማለት ይችላል። ስንት ሰው እዚያ ቆሞ ያን እንዲል፣ ወይም እንዲቆጣ፣ ወይም ደግሞ ቀበሌው ያዛል እንዲል ጠበቀ።

አሳምነው ጎንበስ አለ። “ልክ ነሽ” አላት። “እርጥብ ነው።”

ከዚያ ያን ኩንታል ማንንም ሳይጠራ በሁለት እጁ አቅፎ ለማንሣት ሞከረ። አልቻለም፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ከማዶኛው ጎራ ሆሴዕ ወጣ፤ በዚያ ባዶ መሬት ላይ ተሻግሮ ሌላውን ጥግ ያዘለት። ሁለቱ ተሸክመውት በገበያው መሐል አልፈው ወደ አሳምነው ቤት ወሰዱት። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ተመልሰው ሲመጡ ወረፋ ይዘው ከነበሩት ጆንያዎች ሲሶ ያህሉ የሉም ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። የሆሴዕ አባትም ከነዚህ አንዱ ነበሩ።

ያን ቀን መኪናው ሳይሞላ ሄደ። የተጫነው ግን ሁሉም ደረቅ ነበር። ዘሀራ ሻሿ ላይ ያለውን መርፌ አውርዳ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሰፋች። በሳምንቱ ሙሉ ጭነት ተገኘ። በጥር ወር ሁለት መኪና፣ በየካቲት አራት መጣ። ከሀላባ በኩል ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ በርበሬያቸውን ወደ እኛ አምጥተው፣ ዘሀራ እንድትፈትሽላቸው ይለምኑ ጀመር።

ሁሉም ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። አሳምነው በዚያው ዓመት ግምገማ ላይ ለሁለት ቀን ቆመ። ለተቃዋሚ እጅ ሰጠህ ተባለ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ስለነበርኩ የመለሰውን አስታውሳለሁ። “አገሪቱ ከድህነት ትውጣ፣ ምርት ለገበያ ይቅረብ ብላችሁ የላካችሁኝ እናንተ ናችሁ” አላቸው። “በርበሬው ማንን እንደመረጠ ጠይቄ ነው ላቀርበው የሚገባኝ?” ከሊቀመንበርነት አነሡት። ወደ እርሻው ተመለሰ፤ የገበያው ኮሚቴ ግን ሰው ጎደለን ብሎ አባል አደረገው፤ ያቀረበውም ሆሴዕ ነው። ሆሴዕም አልተረፈም፤ ከወገኖቹ ጥቂቶቹ ለአንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነሡት።

የ1997 ምርጫ ሲመጣ በየከተማው ነገር እንደገና ጋለ። በላሌንቾም ሰዉ በየቤቱ ተከራከረ፤ አሳምነውና ሆሴዕ ራሳቸው ገነቴ ቤት ምሳ ላይ ተጣልተው ሳህን እስኪንቀሳቀስ ጠረጴዛ ደበደቡ። እኔ ያኔ ወደ ሆሳዕና ተዛውሬ ስለነበር ገበያው እንደገና ይከፈላል ብዬ ሠጋሁ። አንድ ቅዳሜ ሆነ ብዬ ሄድኩ። ከሜዳው ጫፍ በስተውጭ ያሉት ግንዶች ሁሉ በምርጫ ወረቀት ተሸፍነዋል፤ የሁለቱም ፓርቲ። ሜዳው ውስጥ አንድም የለም። ዘሀራ ክንዷን ጆንያ ውስጥ ከታ ነበር፤ በዓይኗ ብቻ ሰላም አለችኝ።

ኢክራም በኋላ ሆሳዕና ኮሌጅ ገብታ የኅብረት ሥራ ተማረች። የተመረቀች ጊዜ ላሌንቾ የበርበሬ አምራቾች ማኅበር አቋቁማ ነበርና እዚያው ተቀጠረች፤ የእናቷ አለቃ ሆነች ብለው ሰዎች ይቀልዱ ነበር። ዘሀራ ቀልዱን ስትሰማ ደስ ይላታል።

በ1999 ዓ.ም. ሆሳዕና ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለታታሪ ሰዎች ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ዘሀራ ተጠራች። አሳምነውና ሆሴዕ አብረዋት መጡ፤ እኔም ሄድኩ። መድረክ መሪው ሲያስተዋውቃት፣ ፖለቲከኞችን ያስታረቀች እናት አላት። ድምፅ ማጉያውን ሰጧት። ምን እንደምትል የገመተ አልነበረም።

“አላስታረቅኳቸውም” አለች። “እዚያ ተቀምጠዋል፤ ጠይቋቸው፤ ዛሬም አይስማሙም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠባቸውን ቤታቸው ትተው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው፤ እነሱም ትተው መጡ። ትልቁን ነገር ያደረጉት እነሱ ናቸው። እኔ ጆንያ ሰፊ ነኝ፤ ጥሩ ጆንያ ሰፊ።”

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አሳምነው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ጣሪያውን ያይ ነበር፤ ሆሴዕ መነጽሩን አወለቀ።

የምሳ ግብዣ ቢኖርም አልቆዩም። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ለነገ ገበያ መድረስ አለባቸው። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የቦኖሻ አውቶቡስ ውስጥ ዘሀራ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ሰዎች ከኋላዋ ገና ሳይቀመጡ ስለ መሬት ፖሊሲ ክርክር ጀመሩ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አጠገቤ ሎሚ የሚሸጥ ሰው ቆሞ ነበር።

“እነዚያ የላሌንቾ ሰዎች ናቸው” አልኩት፤ ምንም ሳይጠይቀኝ።